ከእይታው በፊት ውኃው፦ ደን በለበሰ ተዳፋት ላይ ቤት ስለመንደፍ

ቁልቁለቱ በበዛና ደን በለበሰ መሬት ላይ ቤት ሊያሠሩ ከሚመጡ ሰዎች ጋር የሚደረገው የመጀመሪያ ውይይት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከእይታው ይጀምራል። ሳሎኑ ሸለቆውን እንዲያይ፣ መኝታ ቤቱ ከዛፎቹ ጫፍ እኩል እንዲሆን፣ በረንዳው ወደ ባዶው አየር እንዲወጣ ይፈልጋሉ፤ ቦታውን የገዙት ለዚሁ ስለሆነ ፍላጎታቸው የሚነቀፍ አይደለም። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከላይ የሚመጣው ውኃ በየት በኩል አልፎ ይወርዳል? አሁን በእጄ ላይ ያለው ሥራ እንዲህ ባለ ቦታ ላይ የሚቆም ቤት በመሆኑ፣ ንድፉ ወረቀት ላይ መልክ እየያዘ ሲሄድ የማሰላስለውን እዚህ ላሰፍር ወደድሁ።

በሜዳ ላይ ቤት የሚነደፈው ከወለል ፕላኑ ተነሥቶ ነው፤ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ ግድግዳው ይቆማል፣ ጣሪያው በመጨረሻ ይመጣል። በተዳፋት ላይ ግን ይህ ቅደም ተከተል ብዙ መዘዝ አለው። እዚህ መጀመሪያ መሳል ያለበት ሴክሽኑ፣ ማለትም ኮረብታውንና ቤቱን በአንድ ላይ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ የሚያሳየው ሥዕል ነው። የተዳፋቱ መጠን 30 በመቶ ቢሆን፣ ከፊት እስከ ኋላ 10 ሜትር በሆነ ቤት ሥር መሬቱ 3 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም የአንድ ፎቅ ቁመት ነው። ተዳፋቱ 60 በመቶ ቢደርስ ልዩነቱ ሁለት ፎቅ ይሆናል። ስለዚህ በአንድ በኩል ምድር ቤት የሆነው ወለል በሌላው በኩል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ይህን ሳያውቁ ፕላን መሳል ማለት የት እንደሚያርፍ ሳይታወቅ የሚሠራ ሥራ ነው። በነገራችን ላይ የተዳፋት መጠን በዲግሪና በመቶኛ ሲነገር ብዙ ሰው ይደናገራል፤ 100 በመቶ ማለት ቀጥ ያለ ገደል ሳይሆን 45 ዲግሪ ነው፣ 30 በመቶ ደግሞ ወደ 17 ዲግሪ ይጠጋል።

ሴክሽኑን ለመሳል ትክክለኛ ቅየሳ ያስፈልጋል። ለሜዳ የሚበቃው የኮንቱር፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች የሚያገናኙት መስመሮች፣ የከፍታ ልዩነት እዚህ አይበቃም፤ ቀያሹ መስመሮቹን በግማሽ ሜትር ልዩነት እንዲያወጣ፣ እያንዳንዱንም ትልቅ ዛፍ ከግንዱ ውፍረት፣ ከቅርንጫፎቹ ስፋትና ከግንዱ ሥር ካለው የመሬት ከፍታ ጋር እንዲመዘግብ እጠይቃለሁ። የመጨረሻው በተለይ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የዛፉ ሥር ያለበት ከፍታ ካልታወቀ ግን ከጎኑ የሚያልፈው ወለል ይቅበረው ወይም ያራቁተው ማወቅ አይቻልም። ከቅየሳው በተጨማሪ ቦታውን በእግር መዞር የሚተካው ነገር የለም። ግንዳቸው ከሥሩ ወደ ቁልቁለቱ ተጣሞ ከዚያ ወደ ላይ የተቃና ዛፎች በብዛት ከታዩ፣ የላይኛው አፈር ቀስ በቀስ እየተንሸራተተ ሊሆን እንደሚችል መጠርጠር ይገባል። በደረቅ ወቅት ሳይቀር እርጥብ የሆነ ጥግ፣ ከአካባቢው የተለየ ውኃ ወዳድ ሣር የበቀለበት ቦታ፣ መሬቱ ላይ የተጋደመ ስንጥቅ፣ እነዚህ ሁሉ የአፈር ምርመራ የሚያደርገው መሐንዲስ የት ላይ ጉድጓድ መቆፈር እንዳለበት ይጠቁማሉ። ምርመራው ዐለቱ በምን ያህል ጥልቀት እንዳለና በዐለቱና በላዩ ባለው ልል አፈር መካከል ውኃ የሚሄድ መሆኑን ካልነገረን፣ ቀሪው ንድፍ ሁሉ ግምት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዋናው ውሳኔ ቤቱ መሬቱን እንዴት ይንካ የሚለው ነው። በመሠረቱ ሦስት መንገዶች አሉ፤ ኮረብታውን ቆርጦ መግባት፣ ቤቱን እንደ ተዳፋቱ በእርከን ማውረድ፣ ወይም በምሰሶ ከመሬት ማንሣት። አራተኛው፣ ማለትም ከላይ ቆርጦ ታች በመሙላት ሜዳ መፍጠር፣ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ እኔ ግን ለቤት መሠረት ፈጽሞ አልደግፈውም። የቤቱ ግማሽ በተቆረጠው ጠንካራ መሬት ላይ፣ ግማሹ በአዲሱ ሙሌት ላይ ሲቀመጥ ሙሌቱ ይበልጥ ስለሚሰጥም ቤቱ በመካከል ይሰነጠቃል። ሙሌቱ ደግሞ በተዳፋቱ ላይ ተጨማሪ ሸክም ነው፣ በሥሩ የተቀበሩትንም ዛፎች አየር ነሥቶ ይገድላል።

ከሦስቱ መንገዶች ሁለቱ፣ እርከኑና ምሰሶው፣ እስከ ጥጋቸው የተሞከሩባቸው ምሳሌዎች አሉ። ታዳኦ አንዶ በጃፓን ኮቤ ከተማ በሮኮ ተራራ ግርጌ የነደፈውና በ1983 የተጠናቀቀው የመኖሪያ ሕንፃ 60 ዲግሪ በሆነ ተዳፋት ላይ በእርከን የተደረደረ ነው፤ የአንዱ ቤት ጣሪያ ለሌላው በረንዳ ይሆናል። በተቃራኒው ጆን ላውትነር በ1960 በሎስ አንጀለስ የሠራው ስምንት ማዕዘን ቤት 45 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቁልቁለት ላይ በአንድ የኮንክሪት ምሰሶ ብቻ የቆመ ነው። ምሰሶው ወደ 9 ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ መሬቱ ውስጥ ባረፈ ሰፊ የኮንክሪት መሠረት ተይዟል፤ ወደ ቤቱም የሚወጣው ተዳፋቱን ተከትሎ በሐዲድ በሚሳብ ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። ቦታው ቤት አይሠራበትም ተብሎ የተተወ ነበር። ይህን ምሳሌ የማነሣው እንዲቀዳ አይደለም፤ አንድ ንድፍ አውጪ ተዳፋቱን ለማስተካከል ከመታገል ይልቅ መሬቱን የሚነካበትን ነጥብ ወደ አንድ ቢያወርድ ምን እንደሚቻል ስለሚያሳይ ነው።

ደን ባለበት ቦታ የእኔ ምርጫ ድብልቁ ነው። ቤቱ በላይኛው ጠርዙ ላይ ትንሽ ቆርጦ ወደ ኮረብታው ይገባና በዚያ ይታሠራል፤ ቀሪው አካሉ በጥቂት ምሰሶዎች ላይ ሆኖ ከመሬቱ ከፍ ብሎ ወደ ቁልቁለቱ ይወጣል። ወደ ኮረብታው የገባው ክፍል ሙቀትና ቅዝቃዜ የማይቀያየርበት በመሆኑ ለዕቃ ቤት፣ ለመታጠቢያና ለማሽን ክፍል ይመቻል፤ በምድር መንቀጥቀጥና በነፋስ ጊዜም ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው። ከፍ ያለው ክፍል ደግሞ የዝናብ ውኃው፣ ትናንሽ እንስሳቱና ሥሮቹ በሥሩ እንደ ቀድሞው እንዲያልፉ ይተዋቸዋል። እዚህ ላይ መሐንዲሱ የሚያነሣው ችግር አለ፤ አጭርና ረጅም ምሰሶዎች ባንድ ወለል ሥር ሲቆሙ፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ አጫጭሮቹ ግትር ስለሆኑ ኃይሉን በብዛት ወደ ራሳቸው ይስባሉ፣ ቀድመውም ይሰበራሉ። መፍትሔው የጎን ኃይሉን በሙሉ ለኋላኛው የኮንክሪት ክፍል ሰጥቶ ምሰሶዎቹ ክብደት ብቻ እንዲሸከሙ ማድረግ፣ ወይም በሰያፍ ብረት ማጠናከር ነው። ይህ ንድፉ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ነገር ስላልሆነ መሐንዲሱ ከመጀመሪያው ሴክሽን ጀምሮ አብሮ መቀመጥ አለበት።

ስለ ካንቲሊቨር፣ ማለትም ያለ ምሰሶ ወደ ውጭ ስለሚወጣው ወለል፣ አንድ ነገር ልበል። ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1935 በፔንሲልቬንያ ለነደፈው የፏፏቴ ቤት ያልተማረከ አርክቴክት የለም፤ ሆኖም ከምሰሶዎቹ አልፎ 4.5 ሜትር ያህል የወጣው የሳሎኑ ወለል ከዓመታት በኋላ ጫፉ ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ዘቅዝቆ ተገኝቷል፤ በ2002 ውጥር የብረት ገመዶች በውስጡ አልፈው እንዲይዙት ተደርጓል። ኮንክሪት በተሸከመው ክብደት ወዲያውኑ ከሚያሳየው መጉበጥ በላይ በዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይጎብጣል። ስለዚህ አሠሪዎች በረንዳው ይበልጥ እንዲወጣ ሲጠይቁኝ፣ ከ2 ሜትር በላይ የሆነው እያንዳንዱ ተጨማሪ ግማሽ ሜትር የሚያስከፍለውን ፌሮና የወለል ውፍረት በሥዕል አሳያቸዋለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ቀጭን ምሰሶ ይመርጣሉ፤ በዛፎች ግንድ መካከል ደግሞ አንድ ቀጭን ምሰሶ ማንም ልብ አይለውም።

አሁን ወደ ውኃው ልመለስ፤ ምክንያቱም በተዳፋት ላይ ቤትን የሚያፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ክብደት ሳይሆን ውኃ ነው። ቤቱ ወደ ኮረብታው በገባበት በኩል የአፈሩን ግፊት የሚቋቋም ደጋፊ ግንብ ይኖራል። ቁመቱ 3 ሜትር ከሆነና ከጀርባው ያለው አፈር ደረቅና አሸዋማ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ የግንቡ ሜትር ርዝመት ላይ የሚያርፈው ግፊት በግምት 2.7 ቶን ነው። ያው አፈር እስከ አናቱ ውኃ ከሞላበት ግን የውኃው ግፊት ብቻውን 4.5 ቶን ይሆናል፤ አፈሩ ውኃ ውስጥ ሲሆን ክብደቱ ስለሚቀልለት የራሱ ግፊት ቢቀንስም፣ ድምሩ ከደረቁ እጥፍ በላይ ይወጣል። እንግዲህ ግንቡን እጥፍ ማጠንከር ወይስ ውኃውን ማስወጣት? ሁለተኛው እጅግ ይረክሳል። ከግንቡ ጀርባ ውኃ የማያስገባ ሽፋን፣ ከዚያ ንጹሕ ጠጠር፣ ጠጠሩ በደቃቅ አፈር እንዳይደፈን የሚለይ ጨርቅ፣ ከታች ደግሞ ከውስጠኛው ወለል ዝቅ ብሎ የተቀበረ ባለ ቀዳዳ ቱቦ ይደረጋል፤ ቱቦውም ወደ ጎን ተዳፍቶ ከቤቱ ውጭ ይፈስሳል። ቱቦው በጊዜ ብዛት እንደሚደፈን አውቆ በሁለቱም ጫፍ ማጽጃ ቀዳዳ መተው የግድ ነው።

የግንቡ ቁመትም ሌላ ጉዳይ ነው። የአፈሩ ግፊት የሚያድገው ከቁመቱ ጋር እኩል አይደለም፤ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ግንቡን ሊገለብጠው የሚሞክረው ኃይል ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ከቤቱ ውጭ ለመንገድና ለመኪና ማቆሚያ ከፍ ያለ አንድ ግንብ ከመሥራት ይልቅ ዝቅ ያሉ ሁለት እርከኖች መሥራት ይሻላል። ይህ የሚሠራው ግን የላይኛው ግንብ የታችኛውን ቁመት ቢያንስ እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ካፈገፈገ ብቻ ነው፤ ካልሆነ የላይኛው ክብደቱን በታችኛው ላይ ይጭናል፣ ሁለቱም እንደ አንድ ረጅም ግንብ ይሆናሉ። ተዳፋቱ ከ50 በመቶ በላይ በሆነበት ቦታ ይህን ርቀት ማግኘት ስለማይቻል እዚያ እርከን የሚባለውን ሐሳብ ትቼ መንገዱንም በድልድይ አሳልፈዋለሁ።

ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት በሰያፍ የሚያልፍ ሰፊና ጥልቀቱ ያነሰ የድንጋይ ቦይ ጎርፉን ከቤቱ በፊት ይቀበልና በሁለቱ ጎኖች ያወርደዋል። የጣሪያው ውኃም በአሸንዳ ተሰብስቦ በቱቦ እስከ ታች መውረድ አለበት፤ በአንድ ነጥብ ተለቆ በተዳፋቱ ላይ ከፈሰሰ በጥቂት ክረምት ውስጥ የራሱን ገደል ይቆፍራል። ቀድሞ በደኑ ወለል ላይ በሰፊው ተበታትኖ ይሰርግ የነበረው ውኃ በጣሪያና በመንገድ ሲሰበሰብ ኃይል ያገኛል፤ ስለዚህ ታች ሲደርስም በጠጠር በተሞላ ረጅም ጉድጓድ እንደገና እንዲበተን አደርጋለሁ። የት እንደሚበተን ደግሞ የአፈር መሐንዲሱ ነው የሚወስነው፤ ሊንሸራተት በሚችል አፈር ላይ ውኃ ማስረግ አደጋን በገዛ እጅ መጋበዝ ነው።

ዛፎቹ ከውኃው ጋር የተያያዙ ናቸው። ብዙ ሰዎች የዛፍ ሥር እንደ ግንዱ ቁልቁል የሚወርድ ይመስላቸዋል፤ አብዛኛው ሥር ግን በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ አልፎ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ነው። ተዳፋቱን የያዘውም ይኸው ነው። በሙያው የተለመደው የጥበቃ ክልል ከግንዱ ውፍረት 12 እጥፍ ራዲየስ ያለው ክብ ነው፤ ውፍረቱ 50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ዛፍ 6 ሜትር ማለት ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ተከታታይ የመሠረት ቦይ መቆፈር ዛፉን ቀስ ብሎ ይገድለዋል። አንድ ምሰሶ ማሳለፍ ግን ይቻላል፤ የመጀመሪያው ሜትር በእጅ ይቆፈራል፣ ወፍራም ሥር ከተገኘ ምሰሶው ይዛወራል። ንድፉ ይህን መዛወር እንዲችል ቢሙ፣ ማለትም ወለሉን የሚሸከመው አግድም ተሸካሚ፣ ከምሰሶው ራስ ላይ ትንሽ ወዲህና ወዲያ ሊል በሚያስችል አኳኋን እንዲነደፍ ከመሐንዲሱ ጋር ተስማምተናል።

አንዳንድ አሠሪዎች ለእይታው ሲሉ ከፊት ያሉትን ዛፎች በሙሉ እንዲቆረጡላቸው ይፈልጋሉ። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ የምቃወመውም ለስሜት ብቻ ብዬ አይደለም። የተቆረጠ ዛፍ ሥሩ ወዲያው አይበሰብስም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቀስ በቀስ ጥንካሬውን ያጣል፣ አዲሱ ሥር ደግሞ ገና ቦታውን አልያዘም። ስለዚህ የዛሬው ምንጠራ አደጋው የሚታየው ቤቱ ተሠርቶ ሰው ከገባበት ከዓመታት በኋላ ነው። ከዚህ ይልቅ የታችኛዎቹን ቅርንጫፎች ቆርጦ ማንሣት ወይም አክሊሉን፣ ማለትም የዛፉን ቅርንጫፍና ቅጠል የያዘውን አናት፣ ማሳሳት ይቻላል፤ በግንዶች መካከል የሚታይ ሸለቆ እኔ እንደሚመስለኝ ከተራቆተው ይበልጥ ጥልቀት አለው።

ይህን ካልሁ በኋላ ተቃራኒውን ማንሣት ግድ ነው፤ እሳት። የደን እሳት ሽቅብ ሲወጣ ይፈጥናል፤ የተለመደው ስሌት ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት በግምት እጥፍ እንደሚሆን ነው። በምሰሶ ላይ የቆመ ቤት ደግሞ ሆዱን ለታችኛው እሳት ያጋልጣል። በመሆኑም ከበረንዳው ሥር ያለው ገጽ የማይቀጣጠል መሆን፣ የአየር ማስገቢያዎች ሁሉ ፍም በማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ወንፊት መሸፈን፣ ከቤቱ ሥር ማገዶም ሆነ ቅጠል አለመከማቸት አለበት። ከቤቱ ቅርብ ባለው ክልል ቁጥቋጦው ይነሣል፣ ትልልቆቹ ዛፎች ግን እርስ በርሳቸው ተራርቀው ይቆያሉ። ከሥር ያለው ገጽ ቁልቁል ካለው መንገድ የሚታየው ዋናው የቤቱ ፊት መሆኑንም አልዘነጋም፤ ቱቦና ሽቦ የተንጠለጠለበት የቤት ሆድ ከማየት የሚከፋ የለም፤ ስለዚህ የመስመሮቹን መተላለፊያ በወለሉ ውፍረት ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ውስጡን በተመለከተ፣ መንገዱ ከላይ ከሆነ ቤቱ ተገልብጦ ይደራጃል። ሪቻርድ ማየር በሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣ ደን በለበሰ ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ የነደፈውና በ1973 የተጠናቀቀው የዳግላስ ቤት ለዚህ ጥሩ ትምህርት ነው፤ ሰው ከመንገዱ በድልድይ ተሻግሮ በአናቱ ይገባና ወደ ኑሮው ቁልቁል ይወርዳል። በእኔም ንድፍ መግቢያው፣ ወጥ ቤቱና ሳሎኑ ከላይ ናቸው፣ መኝታ ቤቶቹ ከሥራቸው። ልዩነቱ አንድ መኝታ ቤትና መታጠቢያ በመግቢያው ወለል ላይ ማስቀመጤ ነው፤ ባለቤቶቹ ሲያረጁ ወይም አንዱ እግሩን ሲታመም ደረጃው እንቅፋት እንዳይሆን። ለሊፍት የሚበቃ ባዶ ቦታም፣ ለጊዜው እንደ ቁም ሣጥን የሚያገለግል፣ በሁለቱም ወለል ላይ አንዱ ከአንዱ በላይ ተትቷል።

ደን ውስጥ ያለ ቤት ሰው ከሚያስበው በላይ ጨለማ ነው። ወደ ሸለቆው ያለው መስታወት የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ የኋላው ግድግዳ አፈር ስለሆነ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ብቻ ይመጣል፤ ከፊት ያለው ብሩህነትም የኋላውን ይበልጥ ያጨልመዋል። መድኃኒቱ መስታወቱን ማብዛት ሳይሆን ከኋላ በኩል ብርሃን ማስገባት ነው። ጣሪያውን በሁለት ከፍታ ከፍዬ በመካከላቸው በተፈጠረው ክፍተት ላይ ረጅም ጠባብ መስኮት አድርጌያለሁ፤ ከኮረብታው በኩል የሚመጣው ብርሃን በጣሪያው ሆድ ላይ ነጥሮ የኋለኛውን ግድግዳ ያጥባል፣ ሞቃቱም አየር በዚያው ይወጣል። ዘመናዊነትን በሰፊ መስታወትና በጠፍጣፋ ጣሪያ የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ ቅጠል በሚረግፍበት ቦታ ግን ፍጹም ጠፍጣፋ ጣሪያ ወራቱን ሙሉ መጥረጊያ የሚጠይቅ ኩሬ ነው። ጥቂት ዘንበል ያለ ጣሪያና ሰፊ፣ በእጅ የሚደረስበት አሸንዳ መርጫለሁ።

የግንባታው አኳኋን ንድፉን ራሱ ይለውጠዋል። ከባድ መኪና ከመንገዱ በታች መውረድ አይችልም፤ እንዲወርድ መንገድ ከተቆረጠለት ለማዳን የፈለግናቸው ዛፎች የሚጠፉት በቤቱ ሳይሆን በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ ኮንክሪቱ ከላይ በፓምፕ እንዲደርስ፣ ቀሪው አካል በፋብሪካ ተቆርጦ በሚመጣ ብረትና እንጨት እንዲገጣጠም አድርገናል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ከመንገዱ ላይ በሚቆም ክሬን የሚደረስ ርቀትና ክብደት ያለው መሆን አለበት። ይህ ገደብ የክፍሎቹን ስፋት ወስኗል፣ እውነቱን ለመናገርም ንድፉን አሻሽሎታል። የዛፎቹ መከላከያ አጥር የሚቆመው የመጀመሪያው ማሽን ከመምጣቱ በፊት ነው፤ ከመጣ በኋላ የሚቆም አጥር የሚጠብቀው አስቀድሞ የታመቀ አፈር ነው።

የቀረው የፍሳሹ ጉዳይ ነው። የሕዝብ መስመሩ ከላይ በመንገዱ ላይ ስለሚያልፍ ከታችኛው ወለል የሚወጣው ፍሳሽ በፓምፕ ሽቅብ መገፋት አለበት፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆማል። ስለዚህ ቢያንስ የአንድ ቀን ፍሳሽ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ከነማስጠንቀቂያ ደወሉ ተጨምሯል፣ የላይኛው ወለል መታጠቢያም ከፓምፑ ተለይቶ በራሱ ቁልቁለት እንዲፈስስ ተደርጓል። የተቀበሩት ቱቦዎች ሁሉ፣ የማጽጃ ቀዳዳዎቹና የቦዮቹ አቅጣጫ በአንድ ሥዕል ላይ ወጥተው በማሽን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፤ ከክረምቱ በፊት የትኛው መከፈት፣ የትኛውም መጠረግ እንዳለበት በዚያው ሥዕል ላይ በቁጥር ተጽፏል።